በረዶ የመታው ማሳ፣ በረዶ ያለፈው ጎረቤት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ ስለ በረዶ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ውርጭ እንጨዋወታለን። ስለ መከላከያው ሌላ ጊዜ እንመጣበታለን፤ የዛሬው ጉዳያችን አደጋው ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የተጎዳው ሰው እርዳታ ፍለጋውን ከየት ይጀምር? የተረፈውስ ምን ያድርግ?

ከበረዶ እንነሣ። የአርሲ ተራሮች ጭላሎና ካካ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትርን ያልፋሉ፤ አሰላም 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት ረፋዱ ላይ ፀሐይ ብቅ ብላ መሬቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር የተራራውን ጎን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል፣ ይጠቁራል። በውስጡ ሽቅብ የሚነፍሰው ኃይለኛ አየር የውሃውን ጠብታ ወደ ላይ እየወሰደ ያረጋዋል፤ የረጋው ጠብታ በላዩ ላይ ሌላ ውሃ እየያዘ ይወፍራል፤ አየሩ መሸከም ሲያቅተው በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ቆላ ላይ ቢሆን ብዙው መንገድ ላይ ቀልጦ ዝናብ ሆኖ ይደርስ ነበር። ደጋው ግን ለደመናው ቅርብ ነውና ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም።

ደመናው እየሄደ ስለሚጥል በረዶው የሚያርፈው በረጅምና በጠባብ መስመር ላይ ነው። የአንዱን ስንዴ ቆራርጦ ከመሬት ሲደባልቀው የድንበርተኛው ማሳ ቅጠሉ እንኳ ላይነካ ይችላል። ውርጭም እንዲሁ ነው። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት፣ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ታች ያለው ገብስና ባቄላ ተቃጥሎ ሲያድር ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል።

ይህን ያነሣሁት ለተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ብቻ አይደለም። የአገራችን የእርዳታ አሠራር የተወለደው ከድርቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ አገር ካናወጠ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የምንለው መሥሪያ ቤት የዘር ሐረጉ ከዚያ የሚመዘዝ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔትም በዋናነት ድርቅ የሚደጋግማቸውን ወረዳዎች ይዞ ተነሣ። ድርቅ ደግሞ በመቶና በሺሕ ኪሎ ሜትር የተንጣለለ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ነበር። እንዲህ ያለው ችግር ከሩቅም ይታያል።

የአርሲ ደጋ በአንጻሩ ስሙ የተጻፈው በሌላ መዝገብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ቀጥሎም የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ አካባቢውን በስንዴና በገብስ አገር አቀፍ ስም ያሰጡት ናቸው። ትርፍ አምራች ነው ይባላል። እውነትም ነው፤ ግን ትርፍ አምራች በተባለ ወረዳ ውስጥ በአንድ ከሰዓት የዓመት ልፋታቸውን የሚያጡ ሠላሳ ወይም አርባ አባወራዎች ከሩቅ አይታዩም። የወረዳው አማካይ ምርት ደህና ነው፤ ሪፖርቱም ደህና ነው ይላል። ስለዚህ በደጋ ላይ በረዶ የመታው ሰው ከማንም በፊት የሚያየው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤት አይቶ ካላስመዘገበው፣ መንግሥትም ሆነ ድርጅት ላያየው ይችላል። ዛሬ ዋናው መልእክቴ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጉዳት የደረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀበሌው ነው። ከቀበሌው ጋር የግብርና ልማት ሠራተኛዋ ወይም ሠራተኛው መስማት አለባቸው፤ የማሳ ጉዳት የሚገመተው በእነርሱ በኩል ነውና። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ አሰላ፣ ከዚያ ወደ ክልል ይሄዳል። በኦሮሚያ የአደጋ ምላሽ ሥራውን የሚመራው ቡሳ ጎኖፋ ጽሕፈት ቤት ነው። ቡሳ ጎኖፋ በገዳ ሥርዓት ውስጥ ከጥንት የነበረ፣ ከብቱ ያለቀበትን ወይም አደጋ የደረሰበትን ሰው ሌላው አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት ልማድ ነው። ክልሉ በ2014 ዓ.ም. በመሥሪያ ቤት ደረጃ አደራጅቶታል፤ አባላት መዋጮ ይከፍላሉ። አባል የሆናችሁ ካላችሁ፣ አደጋ ሲደርስ የማንን በር እንደምታንኳኩ ከአሁኑ ጠይቃችሁ እወቁ።

ቀበሌ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አደጋው የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የማሳውን ስፋት፣ የሰብሉን ዓይነት፣ ሰብሉ ምን ደረጃ ላይ እንደነበር፣ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር ጻፉ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ካለ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ይጻፍለት። ስልክ ያለው ሰው በዚያው ቀን ፎቶ ያንሣ፤ በረዶው መሬት ላይ ሳለ ቢነሣ ደግሞ ይመረጣል፣ በማግስቱ ቀልጦ ምስክር አይሆንምና። የተሰበረው ሰብል ብቻ ሳይሆን ማሳው የማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ነገር፣ ቤቱ ወይም የታወቀ ዛፍ፣ በፎቶው ይግባ። ሁለት ምስክር ስማቸው ይጻፍ። ገማች ኮሚቴ እስኪመጣ ማሳውን አትገልብጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ለመመዝገብ ገንዘብ አይከፈልም። ስምህን ላስገባልህ ብሎ እጁን የሚዘረጋ ሰው ካለ እርሱ እርዳታ እያመጣ አይደለም። ስማችሁ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው፤ ሴፍቲኔት ባለባቸው ቀበሌዎች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር አሠራሩ ራሱ ያዛል። ቅሬታውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂውንም ያዙ።

ብድር ያለበት ሰው የሚሠራው የተለመደ ስሕተት መደበቅ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ከሲንቄ ባንክ ወይም ከሌላ አበዳሪ የወሰደ ገበሬ፣ የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት ሄዶ ጉዳቱን ቢያስረዳና የቀበሌውን ማስረጃ ቢያሳይ የጊዜ ማራዘሚያ የመጠየቅ ዕድል አለው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነገር እውነት ግን ማመካኛ ይመስላል። በሬ ሸጦ ዕዳ ለመክፈል ከመቸኮል በፊት ይህን በር ሞክሩ፤ በሬው የከርሞ እርሻ ነው።

ወደ ይሉኝታ ልምጣ፤ ምክንያቱም በደጋው አካባቢ ከቢሮ ይልቅ ሰውን ከእርዳታ የሚያስቀረው እርሱ ይመስለኛል። በየዓመቱ ኮምባይነር አስገብቶ ያሳጨደ፣ ለሌላው ዘር ያበደረ፣ ሠርግ የደገሰ አባወራ፣ ቀበሌ ቢሮ ደጃፍ ላይ ወረፋ መያዝ ሞት ይመስለዋል። ሚስቱ ታውቃለች፣ ልጆቹ ያውቃሉ፣ እርሱ ግን «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ»፣ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን አልጠየቅህም?» ማለት ዋጋ የለውም። አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል። «እኔም ጉዳይ አለኝ፣ አብረን እንሂድ» ማለት ይቀላል፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ሽማግሌው፣ ኢማሙ ወይም ቄሱ ራሱ ስሙን አስመዝግቦ ቢመጣ ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ለተረፋችሁት። ዕድራችሁን አስቡት። ድንኳን አለው፣ ድስትና ወንበር አለው፣ ገንዘብ አለው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መዝገብ አለው፦ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ የዕድሩ ጸሐፊ ከማንም ኮሚቴ ቀድሞ ያውቃል። ጎርፍ ሌሊት ሰፈር ቢያጥለቀልቅ ሰው ቆጠራው የሚጀመረው ከዚያ ደብተር ነው። ዕድር ለቀብር ብቻ ነው የሚል አለ። በአገራችን ቤት ሲቃጠል ወይም በሬ ሲሞት የሚከፍሉ ዕድሮች አሉ፤ የሚወስነው መተዳደሪያ ደንቡ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ «በረዶና ጎርፍስ?» ብሎ አንድ ሰው እጁን ቢያወጣ ደንቡን ማሻሻል የሚከለክል የለም። ክረምት ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሻሻል ደንብ ጠብ ያመጣል።

ደቦም አለ። ቆርቆሮው የተነቀለበትን ቤት በአንድ ቀን መልሶ መምታት፣ በአሸዋ የተሞላውን የውሃ ቦይ መጥረግ፣ በሬ ያጣውን በጥማድ ማረስ የደቦ ሥራ ነው። ጭድ ያለው ጭድ ይስጥ። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ በአደጋ ማግስት ሁሉም እህልና ልብስ ያመጣል፣ የከብት መኖ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ገብሱ የወደመበት ሰው ጭዱም አብሮ ወድሟል፤ ሁለት ወር ቆይቶ በሬውንና ላሚቱን በርካሽ የሚሸጠው እህል አጥቶ ብቻ ሳይሆን የሚያበላቸው አጥቶ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን ደግሞ፣ ያረጀ ልብስ በጆንያ ከመላክ በቴሌብር ገንዘብ ብትልኩ ለተቀባዩም ለአጓጓዡም ይቀላል። ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

መርዳት ግን አደጋም አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ቤት ቀበረ። ጎረቤት፣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የቀበሌ አመራር ሳይቀር የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ናቸው። እነዚያን ሰዎች የሚወቅስ አንደበት የለኝም፤ ማናችንም እንሮጥ ነበር። ሆኖም ገደል ሥር ለምትኖሩ የሙኔሳ፣ የዲገሉና ጢጆ፣ የሌሙና ቢልቢሎ ሰዎች ከዚያ የሚወሰድ ነገር አለ። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ተዳፋት አልረጋም። ከመቆፈር በፊት አንድ ሰው ከጎን ባለ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ብቻ ይመልከት፤ መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ካየ፣ ዛፍ ሲያዘም ካየ፣ ንጹሕ የነበረው ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ ይጩህ። ሲጮህ ሁሉም በየአቅጣጫው ሳይሆን ወደ ጎን ይሩጥ። ቆፋሪዎችም ጥቂት በጥቂት እየተፈራረቁ ይግቡ፤ መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጉድጓዱ ላይ አይቁም።

ከጎርፍ ጋርም እንዲሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውሃው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ ነበር። የእኛም ወንዞች እንደዚያው ናቸው። ጭላሎ ላይ የጣለው ዝናብ በከታር በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል፤ ቀለጣ ደግሞ ወደ አዋሽ ይዞ ይሄዳል። ታች ላለው ሰው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውሃው ይደርሳል። ደጋ ያለ ሰው የሚሰጠው ትልቁ እርዳታ አንዳንድ ጊዜ አንድ የስልክ ጥሪ ነው፦ «እዚህ ከባድ ዝናብ ጥሏል፣ ከወንዙ ዳር ከብቱን አንሡ።» በሚሮጥ ውሃ ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር መኪና ያንሳፍፋል። አይሱዙ ቢሆንም ባጃጅ ቢሆንም አሽከርካሪው «ዘወትር የማልፍበት መንገድ ነው» ሲል ውረዱ።

መብረቅ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በመብረቅ የተመታ ሰው ሲወድቅ ብዙ ሰው ለመንካት ይፈራል፣ ኤሌክትሪኩ ይተላለፍብኛል ብሎ። በሰውየው ገላ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ንኩት። ትንፋሽ ከሌለው፣ ሥልጠና ያለው ሰው ደረቱን እየተጫነ ይርዳው፤ ሌላው የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይጥራ። በቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከጎርፍ በኋላ ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ውሃው ራሱ ሳይሆን የሚጠጣው ነው። ምንጩና ጉድጓዱ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ገብቶበታል ብላችሁ ያዙት። የደፈረሰውን አዝቅጡ፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉ፣ ከዚያ አፍሉ። ለእኛ ለደገኞቹ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከፍታው ሲጨምር ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ፣ አሰላን ጨምሮ፣ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሙሉ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ቆላ ላይ የሚበቃው አንድ ደቂቃ እዚህ አይበቃም። ማገዶ የረጠበበት ሰው ውሃ አጋርን ወይም ቢሻን ጋሪን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀም። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይገኛል፤ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ፤ ለሕፃን አደገኛ ነው።

የሐዘኑን ነገር በአጭሩ። አደጋ ያየ ልጅ ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር ቢያለቅስ፣ ቀን ሥራ የሚሠራ ጎልማሳ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠበቅ ነው። ወር አልፎ ከቤት የማይወጣ፣ ምግብ የማይቀምስ፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ሰው ግን ብቻውን አይተው፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የአልጋ ቁራኛ የማያደርግ በሽታ ነውና ቤተሰብም ሊስተው ይችላል።

በመጨረሻ ወደ ማሳው እንመለስ። በረዶ የመታው ስንዴ ገና አገዳ ሳያወጣ፣ ቡቃያ ሳለ ከሆነ፣ አትቸኩሉ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ጠብቁና ከመሬት አጠገብ አዲስ ቡቃያ ብቅ ብሎ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ያገግማል። አገዳው ተሰብሮ ወይም ዘለላው ወጥቶ ከሆነ ግን ተስፋው ጠባብ ነው፤ የቀረውን ለመኖ አጭዳችሁ አድርቁ፣ ቀሪው እርጥበት ለየትኛው ሰብል እንደሚበቃ ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ተመካከሩ። በ8028 ነጻ የስልክ መስመር ላይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የግብርና ምክር ይሰማል።

በመኸር ወቅት ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብ የራሱ ጣጣ አለው። ነዶው ከረጠበ ክምሩን በትናችሁ በሸራ ላይ አድርቁ። የሻገተ እህል ለሰውም ለከብትም አይሰጥም፤ በሻጋታው የሚመጣው መርዝ ታጥቦም በስሎም አይለቅም። ለብቅል የተዘራ ገብስ ዘለላው ላይ ሳለ ከበቀለ የብቅል ፋብሪካ አይፈልገውም፤ ፋብሪካው የሚገዛው እዚያው ሄዶ የሚበቅልለትን ነው። ሳይሻግት የደረቀ ከሆነ ለመኖ ይሸጣል።

ዘር ላጣ ጎረቤታችሁ ዘር ልታበድሩ ስታስቡ ደግሞ፣ በተለይ ዝናብ ያገኘውን እህል ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ሞክሩት። መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እያርከፈከፋችሁ ለሰባት ቀን ከሙቀት ጥግ አኑሩት። ከመቶው ዘጠናው ከበቀለ ያለ ሐሳብ ስጡ። ስድሳና ሰባ ከሆነ ለተበዳሪው ንገሩት፤ በዚያው መጠን ጨምሮ ይዝራ። ከግማሽ በታች ከሆነ ለዘር አታውሉት፤ ሌላ ዘር ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም ከቁሉምሳ አካባቢ ካሉ ዘር አባዢ ገበሬዎች አፈላልጉለት፣ ይህንንም ከመዝሪያው ወር በፊት፣ ግንቦት ሳያልቅ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)